ብዕርን ሳይጥሉ ዓምድን ማስረከብ

ለረጅም ዘመን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በተወሰነ ቀን ጽሑፍ ሲያስረክብ የኖረ ዓምደኛ፣ ማለትም በጋዜጣ ወይም በመጽሔት ላይ ቋሚ ስፍራ ተሰጥቶት ሐሳቡን የሚያካፍል ጸሐፊ፣ ዕድሜው ሲገፋ ከዚህ ግዴታ ቀስ በቀስ ቢወጣ አደራውን ያጓድላል ወይስ ይፈጽማል የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ሲታይ የሥራ ጉዳይ ቢመስልም በመሠረቱ ስለ ሰው ጥሪና ስለ ጊዜ የሚነሣ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ እንዲወጣ ሕግ ስለደነገገለት በዚህ ጉዳይ ከራሱ ጋር መሟገት አያስፈልገውም፤ ጸሐፊን ግን የሚያሰናብተው ሕግ ስለሌለ መቼና እንዴት እንደሚወጣ የሚወስነው በኅሊናው ፊት ብቻውን ቆሞ ነው።

የማስረከቢያ ቀን ብዙ ጸሐፊዎች የሚያማርሩት ቢሆንም ጥቅሙን አቃሎ ማየት አይገባም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት፣ በእስልምናም አምስቱ ሶላት የተደነገጉት የሰው ልብ እስኪነሣሣ ድረስ ቢጠበቅ ጸሎቱ ሳይጸለይ ቀኑ እንደሚመሽ ስለታወቀ ነው፤ የጽሑፍም ቀጠሮ ሰነፉን ያነቃል፣ የሚጠራጠረውንም እንዲወስን ያስገድዳል። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ የሚዘልቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ጸሎተኛ ትናንት ያለውን ቃል ዛሬ ቢደግም ጸሎቱ አይጎድልበትም፣ ዓምደኛ ግን በየጊዜው አዲስ ነገር ይዞ መቅረብ ስላለበት ቀኑ ደርሶ የሚለው ነገር ባልኖረው ጊዜ፣ የሚናገረው ስላለው ከመናገር ይልቅ መናገር ስላለበት ወደ መናገር ያዘነብላል። ወጣት ጸሐፊ በዚህ ውስጥ አልፎ ሙያውን ይማራል፤ ያረጀ ጸሐፊ ግን ስሙ የታወቀና ቃሉ የሚታመን በመሆኑ፣ ሳያምንበት የሚጽፈው እያንዳንዱ ገጽ ከአንባቢው እምነት ላይ የሚቀነስ ነው።

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የሥራ ዋጋ የሚመዘነው በኒያ፣ ማለትም ሰው ሥራውን ለማን ብሎ እንደሚሠራ በልቡ በሚይዘው ውጥን ነው። ይህን ሚዛን በራሳቸው ላይ ካጠበቁት አንዱ አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ ሲሆን፣ በባግዳድ በሚገኘው የኒዛሚያ መድረሳ ስመ ጥር መምህር ሳለ፣ ማስተማሩ ከዝና ፍላጎት የጠራ አለመሆኑን መርምሮ በ1095 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለቀቀ፤ መንበሩንም ባዶ አልተወውም፣ ወንድሙ አሕመድ እንዲተካው አደረገ። በቀጣዮቹ ዓመታት በደማስቆ፣ በኢየሩሳሌምና በመካ ሲመላለስና በኸልዋ፣ ማለትም ለጸሎትና ለአስተንትኖ ከሰው ተለይቶ ሲቀመጥ፣ «ኢሕያእ ዑሉም አል-ዲን» የተባለውን ታላቅ ሥራውን አዘጋጀ፤ በ1106 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ማስተማር ተመለሰ። ሲለቅ 37 ዓመት ገደማ እንደነበር ሲታሰብ፣ ከመደበኛ ግዴታ መውጣት የጉልበት ማለቅ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

የባሌ ሰው ይህን ዓይነቱን መገለል በደጁ ያውቀዋል። ከጎሮ ከተማ በስተምሥራቅ፣ የወይብ ወንዝ አለቱን ሰርስሮ በሚያልፍበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ሼኽ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር ይጸልዩ እንደነበር የአካባቢው ትውፊት ይናገራል። በክርስቲያኑም ወገን ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በስተርጅና ቆብ ጭኖ መመንኮሱ የቆየ ልማድ ነው። ምዕራባዊው የነገረ መለኮት ሊቅ ቶማስ አኳይናስ በታኅሣሥ 1273 እ.ኤ.አ. ዋና ሥራውን ሳይጨርስ መጻፍ አቁሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ማረፉ የዚህ መንገድ ጽንፍ ነው፤ ታላቅነቱ ባይካድም ለሌሎች ጸሐፊዎች አርአያ አድርጎ ማቅረቡ ግን ይከብዳል፣ ፍጹም ዝምታ የተሰጠው ለጥቂቶች ነውና።

ለዚህ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው መልስ የሚገኘው በገዳ ሥርዓት ውስጥ ነው። ገዳ ሰዎችን በትውልድና በዕድሜ እርከን አደራጅቶ በየ8 ዓመቱ ሥልጣንን የሚያሸጋግር የኦሮሞ ሕዝብ ሥርዓት ሲሆን፣ በባሌ የሚገኘው መዳ ወላቡ ከጥንታዊ ማዕከላቱ አንዱ ሆኖ ይታወቃል፤ ዩኔስኮም በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ገዳ የታወቀ መጽሐፍ ያሳተመው የአንትሮፖሎጂ ምሁር አስመሮም ለገሰ በቦረና ያጠናው አወቃቀር እንደሚያሳየው፣ የሥርዓቱ መሪ የሆነው አባ ገዳ ሥልጣን የሚለቀው ስለደከመ ወይም ስላጠፋ ሳይሆን ስምንቱ ዓመት ስለሞላ ነው፤ ብርቱ ቢሆንም ይለቃል፣ የሚተካውም በየእርከኑ ሲሠለጥን የኖረ ነው። ከለቀቀ በኋላ ዩባ ወደሚባለው፣ 27 ዓመት ወደሚዘልቀው የምክር እርከን ይገባል። አይገዛም፣ ግን ይጠየቃል፤ የሚናገረውም ስለተጠየቀና የሚያውቀው ስላለ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ገዳሞጂ፣ የመጨረሻውና ቅዱስ ተደርጎ የሚታየው እርከን ነው። እንግዲህ በገዳ አስተሳሰብ በሹመትና በዝምታ መካከል ሰፊ የሕይወት ዘመን አለ፣ ያም ዘመን እንደ ውድቀት የማይቆጠር የተከበረ ማዕረግ ነው። የጽሑፉ ዓለም የጎደለው ይህ ማዕረግ ነው፤ ዓምደኛን የምናውቀው ወይ በየሳምንቱ ሲጽፍ ወይ ሲቀበር ነው፣ ይህም ያሳዝናል።

ሽማግሌው ከዓምዱ ቢወጣ ወጣቱን ማን ይመክረዋል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ መልሱ ከደራሲው ከሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት ሊወሰድ ይችላል። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ሐዲስ ዓምደኛ ባይሆኑም ለብዙ ዓመታት በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት ቀጠሮ የተያዙ ሰው ነበሩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980፣ «ትዝታ» ደግሞ በ1985 ዓ.ም. ሲወጡ ደራሲው ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ። ወጣቱን የሚመክሩ፣ እነዚህን የመሰሉ ረጃጅም ሥራዎች በሳምንት ቁራጭ አይመጡም፤ ጸሐፊው የጊዜው ጌታ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ግን እንጀራ ያለውን ሰው ታሳቢ ያደረገ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞችን የጡረታ ተጠቃሚ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 715/2003 ዓ.ም. የተደነገገው ለተቀጣሪዎች ስለነበረ፣ በየጽሑፉ የሚከፈለው ዓምደኛ ዓምዱን ሲለቅ ገቢውን አብሮ ይለቃል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኒያን ስለማጥራት መስበክ ጭካኔ ይሆናል። ስለዚህ ዕዳው በጸሐፊው ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ለዓመታት በአንድ ሰው ብዕር ገጹን የሞላ አሳታሚ ተተኪውን አስቀድሞ ከነባሩ ጎን እንዲጽፍ ማድረግ፣ ነባሩም ከየሳምንቱ ወደ የወሩ፣ ከዚያም ጉዳይ ሲበስልለት ብቻ እንዲጽፍ መፍቀድ፣ የቆዩ ጽሑፎቹንም ሰብስቦ በመጽሐፍ ማሳተምና ገቢውን ማካፈል ይገባዋል፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የሚጠብቅለት በመሆኑ፣ አሳታሚው ይህን ሲያደርግ ምጽዋት አይሰጥም፣ የሚከፍለው የጸሐፊውን ድርሻ ነው።