ላዩ የደረቀ ክምር



የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር ዘንድ ደረሱ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣቶቻቸው ረጠቡ። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ እርጥቡን ገዢ እንዲያየው ወደ ላይ ባለማድረጉ ወቀሱት። ታሪኩ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል።

የባቲን የሰኞ ገበያ ለሚያውቅ ይህ ሐዲስ እንግዳ አይደለም። ማሽላ የሚሸምት ሰው እጁን እስከ ክርኑ ከጆንያው ይሰዳል፤ ግመል የሚገዛም ጥርሱን ሳያይ ገንዘቡን አይፈታም። ታዲያ ይኸው ጠንቃቃ ሰው በስልኩ ላይ ያማረ ድረ ገጽ ሲያይ እጁን ለምን ይሰበስባል?

የእኛ ብቻ ድክመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2600 የሚበልጡ ሰዎች ድረ ገጾችን በታማኝነታቸው እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። ከተሰጡት አስተያየቶች 46 በመቶው የገጹን መልክ፣ ማለትም ቀለሙን፣ ፊደሉንና አቀማመጡን የሚያነሣ ሆኖ ተገኘ። የባለቤቱን ማንነት ያነሣው ከዚያ በጣም ያንሳል።

እኔም አልተሻልኩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ከሚሴ አንድ ጎረቤቴ ልጁን ለሥራ ወደ ሳዑዲ ሊልክ አስቦ ስልኩን ይዞ መጣ። «ኡስታዝ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። የካዕባ ፎቶ፣ በውብ የዐረብኛ ጽሕፈት የተጻፈ ቢስሚላህ፣ ማኅተም የሚመስል ነገር አለበት። ዐረብኛውን አነበብኩት፤ ስሕተት የለበትም። «ደኅና ይመስላል» አልኩ። እርሱም በሬውን ሸጦ ለቪዛ የተባለውን ገንዘብ ላከ። ቪዛው አልመጣም፤ ገጹም ጠፋ።

ጎረቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ነገር ግን ያመነው ፎቶውን ነው ወይስ የእኔን አፍ? ለዓመታት ለደረሶች ስለ ሰነድ አስተምሬያለሁ። የሐዲስ ሊቃውንት ንግግሩ ስላማረ ብቻ አልተቀበሉም፤ ማን ከማን ሰማ፣ ሰውየው እውነተኛ ነው ወይ፣ በትክክል ያስታውሳል ወይ ብለው መረመሩ እንጂ። እኔ ግን ሰነድ የሌለውን ገጽ ራሴ ሰነድ ሆንኩለት።

መጠየቅ ይቻል ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛንና የደርሶ መልስ ጉዞን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ የቪዛ ብር መጠየቁ ብቻውን እጅ የሚያረጥብ ነበር። ኤጀንሲው ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይጣራል። ከአድራሻው አጠገብ የምትታየው የቁልፍ ምልክትም መልእክቱ በመንገድ ላይ በሌላ ሰው እንዳይነበብ ነው እንጂ ለባለቤቱ ታማኝነት አትመሰክርም፤ ሌባም በነጻ ያገኛታል።

ማሳመር ሐራም ነው ማለቴ አይደለም። የእኛም መድረሳ ገጽ ቢኖራት እንዲያምርላት እወዳለሁ። ብቻ የኃላፊው ስም፣ ክፍያውና የማንችለው ነገር ሁሉ ከላይ ይጻፍ፤ እርጥቡ ከላይ ይሁን።

ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ገጽ ይዞ መጣ። ይኸኛውም ያምራል። «አላውቅም፣ ሄደን እንጠይቅ» አልኩት። ቅር ብሎት ሄደ።