በዝምታ የሚታደስ ክፍያ

አማዞን ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር የነበረውን ክርክር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ዘጋው። 1 ቢሊዮኑ ለመንግሥት የሚከፈል ቅጣት ነው፤ 1.5 ቢሊዮኑ ፕራይም ወደተባለው የዕቃ ማድረሻና የፊልም አባልነት ሳያውቁት ለገቡ ወይም ለመውጣት ሞክረው ላልተሳካላቸው ደንበኞች የሚመለስ ነው። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ኮሚሽኑ በክሱ እንደዘረዘረው ግን ከአባልነቱ መሰናበት የፈለገ ሰው አራት ገጽ ማለፍ፣ አሥራ አምስት አማራጭ ማየትና ስድስት ጊዜ መጫን ነበረበት። የኩባንያው ሰዎች ይህን መንገድ በመካከላቸው «ኢሊያድ» ይሉት ነበር፤ ስለ ረጅሙ የትሮይ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ግጥም ስም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ሁልጊዜ ሁለት ወገን ይቆማል። አንዱ ሕዝቡ ተታለለ ይላል። ሌላው፣ አዋቂ ሰው በገዛ ጣቱ ተጭኖ ከገባ በኋላ ማንን ይከሳል ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ መግቢያውና ስለ መውጫው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው፤ ማንም ምንም ሳይጫን ገንዘቡ በየወሩ የሚወጣበት ጊዜ። ያ ሰው በእነዚያ ወራት ምን ወሰነ ይባላል?

«ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?» ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡም ከባድ አይደለም። ፕራይም በ2005 ሲጀመር በዓመት 79 ዶላር ነበር፤ በ2022 139 ዶላር ደርሷል። ኔትፍሊክስም ማስታወቂያ የሌለበትን መደበኛ አገልግሎቱን በ2025 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ በወር 17.99 ዶላር አድርጎታል። ክፍያውን በተጠቀሙበት ጊዜ ብዛት ማካፈል፣ የወጣውን ቁጥር ሌላ ቦታ ከሚያስከፍለው ጋር ማስተያየት፤ በቃ። ችግሩ ይህን ማካፈል ሰው የሚያደርገው መቼ እንደሆነና በየትኛው ቁጥር እንደሆነ ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት በሦስት የአሜሪካ ጂሞች የተመዘገቡ ሰዎችን መዝገብ መርምረው ነበር። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር ወደ 4 ጊዜ ገደማ ብቻ ይመጡ ነበር፤ ይህም ለአንድ ቀን ከ17 ዶላር በላይ ማለት ነው። እዚያው ጂም ውስጥ በአንድ ቀን 10 ዶላር የሚያስኬድ የአሥር ቀን ትኬት ይሸጥ ነበር። ሰዎቹ ማካፈል አቅቷቸው አይደለም። ሲመዘገቡ ሂሳቡን የሠሩት ሊሆኑት በሚመኙት ሰው ነው፤ በየወሩ የከፈለው ግን የሆኑት ሰው ነው።

ራሱን የሚያድስ ክፍያ ከተራ ግዢ የሚለይበትን የማየው እዚህ ላይ ነው። በተራ ግዢ ገንዘብ የሚወጣው ሰው ፈቅዶ ሲነሳ ነው፤ ካልተነሳ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ራሱን በሚያድስ ክፍያ ግን ፈቅዶ ካልተነሳ ገንዘቡ ይሄዳል። ዋጋውም አገልግሎቱም ሳይለወጥ ድካሙ «እሺ» ከሚለው ሰው ወደ «እምቢ» ወደሚለው ሰው ተዛወረ። አዲስ አበባ ውስጥ ዲኤስቲቪ የሚከፍል ቤተሰብ ወሩ ሲያልቅ ካልከፈለ ቻናሎቹ ይዘጉበታል፤ እንደገና ማየት ከፈለገ እንደገና መወሰን አለበት። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ዘመዱ ያንኑ የኳስ ግጥሚያ በስትሪሚንግ ሲያይ ግን ክፍያው ከካርዱ ላይ በራሱ ይቆረጣል፤ ውሳኔ የሚጠየቀው ማቆም ከፈለገ ብቻ ነው። (ቀድሞ መክፈል ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ በአጭር ቁጥር መልእክት ሰበብ ከሞባይል ሂሳባቸው በየቀኑ ብር የሚቆረጥባቸው ሰዎች ይህን ያውቃሉ።) ድካሙን ማዛወር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያመጣም ተለክቷል። ኤናቭ፣ ክሎፓክና ማሆኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የታዋቂ አገልግሎቶችን የካርድ ክፍያ አጥንተው፣ የደንበኛው ካርድ ተቀይሮ ቁጥሩን እንደገና ማስገባት ግድ በሚሆንበት ወር የሚሰርዘው ሰው ቁጥር በድንገት እንደሚጨምር አሳይተዋል። አገልግሎቱ በዚያ ወር አልከፋም፤ አዲሱ ነገር ደንበኛው መጠየቁ ብቻ ነው። እንደ ስሌታቸው የሰዎች አለማስተዋል የሻጮቹን ገቢ እንደ አገልግሎቱ ዓይነት ከ14 በመቶ አንስቶ ከ200 በመቶ በላይ ያሳድጋል።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ከሌሎቹ ሁሉ የሚከብደኝ እሱ ነው። ሰው ለተጠቀመበት ብቻ ይክፈል ያለው ማን ነው? በየጊዜው ማስላት ራሱ ድካም ነው፤ ከዚያ ድካም ለመገላገል መክፈልም የሚገባ ግዢ ነው። ልጇ ሌሊት ቢታመም የሚያስፈልጋት ነገር በማግስቱ ደጇ እንደሚደርስ የምታውቅ እናት የገዛችው ዕቃ ማመላለሱን ሳይሆን ያንን ማወቋን ነው። ባልተጠቀሙበት መክፈልን ደግሞ እኛን ማንም አያስተምረንም፤ እድርተኞች ነን። ሠላሳ ዓመት ለእድሩ ከፍሎ ድንኳኑ አንድም ቀን በደጁ ያልተተከለ ሰው ከሰርኩ አይልም፤ ፈጣሪውን ያመሰግናል እንጂ። ታዲያ ለስድስት ወር ፊልም ሳያይ የከፈለውን ሰው በምን ልብ «ተበላህ» እንለዋለን?

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ እድር ብቻውን ለማይችሉት ነገር የሚከፈል ነው፣ ፊልም ግን እንዲህ አይደለም የሚል ነው። ይህ መልስ አይበቃኝም። ለብቸኛ ሽማግሌ ማታ ማታ የሚያየው ድራማ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሌላውን ሰው አስፈላጊ ነገር በእኔ ሚዛን ልመዝን አልችልም። የተሻለው መልስ ሁለቱ ተቋማት የአባላቸውን መጥፋት እንዴት እንደሚያዩት ማስተያየት ነው። እድር የጠፋ አባሉን ይፈልጋል። ወርሃዊውን ያልከፈለ ይጠየቃል፣ ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ በስብሰባ ያልተገኘ ስሙ ይመዘገባል። የአባሉ መዘንጋት ለእድሩ ጉዳት ነው፤ ደንቡም የተጻፈው መዘንጋትን ለመዋጋት ነው። ራሱን የሚያድሰው ክፍያ ግን ከከፈለና ከጠፋ ደንበኛ የበለጠ የሚያተርፍለት ሰው የለውም። የእድሩ አባል ሳይጠቀም ሲቀር ገንዘቡ የጎረቤቱን ለቅሶ ይሸፍናል፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ አውቆም ፈቅዷል።

ይህ መልስ ጠንካራ ይመስለኝ ነበር፤ የሚያናጋው ግን አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። ኔትፍሊክስ በሜይ 2020፣ ከተመዘገቡ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ያላዩትን፣ እንዲሁም ማየት ካቆሙ ከሁለት ዓመት በላይ የሆናቸውን አባላት መቀጠል ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ፣ መልስ ያልሰጡትንም ራሱ እንደሚሰርዝላቸው አስታወቀ። እንዲህ ያሉት አባላት ከጠቅላላው ከግማሽ በመቶ በታች እንደሆኑም ተናገረ። ይህ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ ኩባንያ የጠፋ ደንበኛውን መፈለግ ይችላል፤ የቴክኒክ እንቅፋት የለበትም። ሁለተኛው የእኔን ክርክር የሚያጠብ ነው፦ ቢያንስ በዚህ ኩባንያ ዘንድ ፈጽሞ የረሱት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ የሚያስጨንቀው ሰው ፈጽሞ የረሳው አይደለም። የሚያስጨንቀው የሚያስታውሰው ነው፤ ክፍያውን በባንክ ወረቀቱ ላይ አይቶ «በሚቀጥለው ወር እሰርዘዋለሁ» የሚለው፣ በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ የሚለው። ይህ ሰው አልተስማማም፤ አልረሳምም። የአእምሮ ዕረፍት ገዝቷል እንዳይባል በየወሩ ትንሽ ይቆጨዋል። አስቦበት «ባልጠቀምበትም ይኑርልኝ» ያለው ሰው ግን በእውነት ዕረፍት ገዝቷል፤ በእሱ ላይ የማቀርበው አንዳች ነቀፋ የለኝም። ነገሩን የሚያከብደው የሁለቱ ሰዎች የባንክ ወረቀት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ያው ቀን፣ ያው ድምር፣ ያው ዝምታ። ማንኛው ተስማምቶ ማንኛው እያመነታ እንደከፈለ ከውጭ ለይቶ ለማወቅ መጠየቅ ካልሆነ ሌላ መንገድ የለም።

ፊልምና ዕቃ ማድረስ በአንድ አባልነት ተጠቅልለው ይሸጡ እንጂ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ይለያያል። የስትሪሚንግ ደንበኛ አንድ ተጨማሪ ፊልም ቢያይ ከኪሱ ሌላ ገንዘብ አይወጣም፤ ቢበዛ ሰዓቱ ነው የሚሄደው። የማድረሻ አባልነት ግን የሚቀጥለውን ግዢ ይጠራል። ክፍያው ቀድሞ ስለተከፈለ እያንዳንዱ ትእዛዝ በነጻ የሚመጣ ይመስላል፤ ባልታዘዘ ቁጥር ደግሞ የተከፈለው የባከነ ይመስላል። አባል ያልሆነ ሰው አማዞን ላይ በነጻ እንዲመጣለት የዕቃው ድምር 35 ዶላር እስኪሞላ ይጠብቃል፤ በመጠበቁም ከዝርዝሩ ውስጥ የማያስፈልገው ራሱ ይወድቃል። አባሉ ይህን የማሰቢያ ጊዜ ከፍሎ አስወግዶታል። መኪና ለሌለው፣ መውጣት ለማይችል ሕመምተኛ፣ በሜሪላንድ ሌሊቱን ሽማግሌ ሲንከባከብ አድሮ ቀን ለሚተኛ ሰው ግን አባልነቱ በትክክል ያዋጣል፤ ያን ሰው ቁጠባ ልስበክለት ብል ያሳፍረኛል። ፍጥነቱን በጉልበቱ የሚሸከመው ሹፌርም በሂሳቡ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ ከእኛው ሰዎች በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ጥቂት አይደሉም። ዕቃው በማግስቱ የግድ ካላስፈለገ ጥድፊያው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ምንም አላመነታም። ዝምታ ስምምነት ነው ቢባል እንኳ፣ ሰው የሚስማማው ባወቀው ነገር ነው። የአማዞን ፕራይም ቪዲዮ በጃንዋሪ 2024 ያለ ማስታወቂያ ይታይ በነበረው ላይ በአሜሪካ ማስታወቂያ አስገባ፤ እንደ ድሮው ማየት የፈለገ በወር 2.99 ዶላር እንዲጨምር ተጠየቀ። ምንም ያላደረገ ሰው በዚያው ዋጋ ያነሰ ነገር ተቀበለ ማለት ነው። የትናንቱ «እሺ» ለዛሬው ዕቃ አይሠራም፤ ሻጩ ዕቃውን ሲቀይር የደንበኛው ዝምታ ወደ ባዶነት መመለስና እንደገና መጠየቅ ነበረበት። ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። የህንድ ማዕከላዊ ባንክ ከ2021 ጀምሮ በካርድ የሚታደስ ክፍያ ከመቆረጡ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት ለደንበኛው እንዲነገረው አስገድዷል። ጀርመንም በ2022 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ፣ የመጀመሪያው የውል ጊዜ ካለፈ በኋላ ደንበኛው በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ መውጣት እንዲችል አድርጋለች። አሜሪካ ግን መሰረዝን እንደ መመዝገብ ቀላል ሊያደርግ የነበረውን የፌዴራል ደንብ በጁላይ 2025 በይግባኝ ፍርድ ቤት አጣች፤ ምክንያቱም የአወጣጥ ሥርዓቱ አልተሟላም የሚል ነበር።

ጠይቆ ማደስ ዋጋ ያስወድዳል የሚሉ አሉ፤ የማያስተውሉት ሰዎች ገንዘብ የሚያስተውሉትን ሰዎች ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይዟል ነው ክርክራቸው። እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ግን የአስተዋዩ ርካሽ ዋጋ ካልፈቀደ ሰው ኪስ የሚወጣ ነው፤ እኔ በዚያ መንገድ ከሚገኝ ቅናሽ ይልቅ ውዱን እመርጣለሁ። የሚቀረኝ ጥርጣሬ ሌላ ነው። በየወሩ የሚመጣ ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ ሳይነበብ የሚታለፍ ይሆናል፤ ያኔ ያው ዝምታ «እሺ» በሚል ቃል ይመለሳል። ስለዚህ የምመርጠው ጥያቄው በየወሩ ሳይሆን ዋጋው ወይም አገልግሎቱ ሲለወጥ፣ እንዲሁም ሰውየው ለተወሰነ ጊዜ ሳይጠቀም ሲቀር እንዲመጣ ነው። ለስንት ጊዜ? ኔትፍሊክስ ቢያንስ አንድ ዓመት ብሏል፤ በ17.99 ዶላር ሲሰላ ከ200 ዶላር በላይ ማለት ነው። እኔ ሦስት ወር እላለሁ፤ ለምን ሁለት ወይም አምስት እንዳልሆነ ግን ማስረዳት አልችልም። ሦስት ወር ሆስፒታል የተኛ ወይም አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው መልስ ሳይሰጥ ቀርቶ አገልግሎቱ ሊቋረጥበት ይችላል፤ እሱን እንደሚያስከፋው አውቃለሁ። የእሱ ጉዳት ግን ተመልሶ አንድ ጊዜ በመጫን ይስተካከላል፤ የሌላው ሰው 200 ዶላር በዚያ መንገድ አይመለስም።