ለመቅመስ ትንሽ ይበቃል

ልጄ፣ አዳማ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ባርማን ሆነህ መቀጠርህን እናትህ ስትነግረኝ ደስ ብሎኛል። ሥራው የተከበረ ሥራ ነው። አሁን ደግሞ የአሜሪካኑን ዊስኪ ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ቦርቦኑን ከራዩ ላነጻጽር ብለሃል አሉ። መልካም አስበሃል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚወርደው እንግዳ ይጠይቅሃል፤ ከውጭ የመጣው ዘመድም ይጠይቅሃል። የሚቀዳውን የማያውቅ ባርማን ጠርሙስ አቀባይ ሆኖ ይቀራል፤ አንተ ከዚያ ትበልጣለህ። እኔም ዕድሜዬን በሆቴል ቤት መጠጥ መካከል ስላሳለፍኩ የማውቀውን ልንገርህ። የምሰጋልህንም አልደብቅህም።

መጀመሪያ የአገርህን እወቅ። እኔ ያደግሁት አርሲ ነጌሌ ነው። ነጌሌ በአረቄዋ ስሟ የታወቀ ነው፤ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት አረቄ እያወጡ ነው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ የበቆሎው ወይም የስንዴው ቂጣ ተጋግሮ ይፈረፈርና ድፍድፉ ውስጥ ይገባል። ድፍድፉ ከደረሰ በኋላ ማሰሮው ይጣዳል፤ መገጣጠሚያው እንፋሎት እንዳያመልጥ ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸምበቆው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል፤ እዚያ በርዶ የሚጠራቀመው አረቄ ነው። የወጣው እንደገና ሲወጣ ዳግም ይሆናል። የማገዶው ነገር ሁሌም ያሳዝነኛል፤ የሙኔሳ ደን ለዚህ ሥራ ብዙ እንጨት ከፍሏል።

አሜሪካ፣ ኬንታኪ ያለው ሰው የሚሠራውም ከሥሩ ያው ነው። እህል፣ ብቅል፣ እሳት፣ እንፋሎት። ቦርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። የአሜሪካ ራይ ዊስኪ ለመባል ደግሞ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ መሆን አለበት፤ ራይ የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ፣ ብርድ የሚችል እህል ነው። ስለዚህ የነጌሌው የበቆሎ አረቄና ቦርቦን በእህላቸው ይዛመዳሉ። የሚለያያቸው አንዱ ጌሾው ነው፤ ትልቁ ግን በርሜሉ ነው። እኛ የጠላውን ጋን በወይራ እንደምናጥነው እነሱ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጡን በእሳት ያከስሉታል። እንደ ውሃ የጠራው መጠጥ እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ቀለሙንም፣ የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ሽታውንም ከእንጨቱ ያገኛል። ቦርቦን ላይ ቀለምም ሆነ ማጣፈጫ መጨመር በሕጋቸው ክልክል ነው። መለያው ላይ ስትሬት የሚል ካየህ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው። መለያውን አንብብ፤ አንብበህ ቅዳ።

አንተ ባር መደርደሪያ ላይ የሚቀርብህ ጃክ ዳንኤል ይመስለኛል። እሱ ከቴነሲ ነው፤ በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል እንጨት ከሰል ስለሚጣራ ባለቤቶቹ የቴነሲ ዊስኪ እንጂ ቦርቦን አይሉትም። የተለመደው ባለ ጥቁር መለያው 80 በመቶ በቆሎ፣ 12 በመቶ የገብስ ብቅልና 8 በመቶ ራይ ነው። ራይ ብለው የሚያወጡት ደግሞ 70 በመቶ ራይ፣ 18 በመቶ በቆሎና 12 በመቶ የገብስ ብቅል ነው። ቤቱ አንድ፣ ከሰሉ አንድ፣ የተገላበጠው እህሉ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አላውቅም። እግረ መንገድህንም ይህን ያዝ፤ ጃክ ዳንኤልን በልጅነቱ ዊስኪ ማውጣት ያስተማረው በባርነት የኖረ ኒረስት ግሪን የሚባል ጥቁር ሰው ነው። እንግዳ ሲጠይቅህ ስሙን አንሳለት። ባለሙያ ስሙ ሲነሳ ደስ ይለኛል።

አሜሪካ ውስጥ እህትህ ያለችበት አሌክሳንድሪያ አጠገብ፣ ማውንት ቨርነን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1797 ዊስኪ ማውጫ አቋቁሞ ነበር። የእሱ ድፍድፍ 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበር። ራይ የአሜሪካ ምሥራቅ የቆየ መጠጥ ነው ማለት ነው። እህትህ ለአንተ ጠርሙስ ከምትገዛ ሄዳ አይታ ብትጽፍልህ ይሻላል፤ ቤቱ እንደገና ተሠርቶ ለጎብኚ ክፍት ነው።

አሁን ወደ አቀማመሱ ልምጣ። አዳማ ሞቃት ነው፤ በቀትር መጠጥ አትቅመስ። ሙቀቱ አልኮሉን ያስነሳውና አፍንጫህን ይይዘዋል። ሥራ ሳይጀመር፣ ጠዋት ረፋዱ ላይ ይሁን። ምግብ በልተህ ግባ፤ ነገር ግን በርበሬ የበዛበት ወጥ አይሁን። ቡና ከጠጣህ ጥቂት ቆይ። ሽቶ አትቀባ። አንድ ዓይነት ሁለት ብርጭቆ ያዝ፤ ባልደረባህ አንተ ሳታይ ይቅዳልህ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እሱ ይወቅ። ከየአንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። እደግመዋለሁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አፍህን ትንሽ ከፍተህ አሽትት። ቀጥሎ ጥቂት ምላስህ ላይ አድርግ፣ አዙረው፣ ትፋው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምርና እንደገና አሽትት፤ ውሃው የተደበቀውን ያወጣልሃል። በረዶ ግን አትጨምር፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ይሸፍነዋል።

ቦርቦኑ ለስላሳና ጣፋጭ ሆኖ ይመጣል። ራዩ ደረቅ ነው፤ ቁንዶ በርበሬና ቅርንፉድ የነካው ይመስላል፣ መጨረሻው ላይ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። የአልኮሉን መጠን ግን ሳታይ አትፍረድ። 40 በመቶውን ከ50 በመቶው ጋር ብታነጻጽር ኃይለኛው ሁልጊዜ የበለጠ ይመስልሃል፤ ያነጻጸርከው እህሉን ሳይሆን ጉልበቱን ነው። የጃክ ዳንኤል ባለ ጥቁር መለያው 40 አካባቢ ነው፣ ራዩ ደግሞ 45። ስለዚህ ራዩን በውሃ አቅጥነህ አስተካክለው። ዋይልድ ተርኪ 101 ካገኘህ ቦርቦኑም ራዩም 50.5 በመቶ ናቸው፤ እነሱ ለማነጻጸር ይመቻሉ። የቀመስከውን ወዲያው ጻፍ። ዋጋውንና የጠርሙሱን ስም ከማወቅህ በፊት ጻፍ።

ልጄ፣ የምፈራልህ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። መቅመስ ለመጠጣት ሽፋን እንዳይሆንብህ። እጃቸው የተባረከ፣ እንግዳ የሚወዳቸው ባርማኖች አውቃለሁ፤ ሲጀምሩ ቀማሾች ነበሩ። እንግዳው «በእኔ ሒሳብ አንድ ያዝ» ይላል። አንዱን ይይዛሉ። በማግስቱ ሌላ እንግዳ ይመጣል። መጀመሪያ የሚሄደው ምላስ ነው፤ ራዩን ከቦርቦኑ መለየት ያቅታል። ቀጥሎ ሒሳብ ይጎድላል። ቀጥሎ ቤት ይጎድላል። ስለዚህ ከአሁኑ ልማድ አድርገው፤ ሥራ ላይ እያለህ ለጋበዘህ ሰው እጅ ነስተህ «ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ፣ ሥራ ላይ ነኝ» በለው። አይቀየምህም። ቢቀየምም ነገ ያከብርሃል።

ለሌላውም ተጠንቀቅለት። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተከለከለ ነው፤ የሚያውቁህ ልጆች ሲመጡ አታፍር፣ ከልክላቸው። ጠጥቶ ማታ በፈጣኑ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ የሚል እንግዳ ሲያጋጥምህ ቁልፉን እንግዳ መቀበያው ጋር እንዲያስቀምጥና አልጋ እንዲይዝ ለምነው። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ሌሎችም አሉበት።

ክዳኑ የተነካ፣ መለያው የተጣመመ፣ ዋጋው ያለ ምክንያት የረከሰ ጠርሙስ ቢያመጡልህ አትቀበል። ሜታኖል የገባበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል። ጠጥተህ ልትለየው አትችልም፤ አንተ የሻይ ማንኪያም ቢሆን አትሞክረው። ባዶ ጠርሙስ ወደ ቆራሌው ከመሄዱ በፊት መለያውን ልጠህ ጣለው፣ ሌላ ነገር እንዳይሞላበት።

ለእሑድ እጠብቅሃለሁ። ደብተርህን ይዘህ ና፤ ሁለቱን ጃክ ዳንኤሎች ስምና ዋጋ ሳታውቅ የጻፍክባቸውን ላንብብ። ራዩን የትኛው ብርጭቆ ውስጥ እንዳገኘኸው፣ በምን እንዳወቅኸውም ትነግረኛለህ። ነጌሌ ያለችው አክስትህም በዚያው ቀን ትመጣለች፤ ድፍድፉ መድረሱን በምን እንደምታውቅ ጠይቃት፣ ያንንም ጻፈው።