የቃጭሉ ምላስ

ማራኪ ሰፈር ጆሯቸው የከበደ አንዲት እማሆይ ነበሩ። ከሰፈሩ ራስጌ አንድ የኔታ ስምንት ተማሪ ያስተምራሉ። ስምንቱም ደበሎ ለባሽ፣ ስምንቱም አኩፋዳ አንጋች፤ በየደጁ የሚሉትም አንድ ነው፦ «በእንተ ስማ ለማርያም!» በቃሉ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። የጎረቤት ሴቶችም ለመለየት አይደክሙም፤ ለቀደመው ይሰጣሉ።

እማሆይ ግን የሚጠብቁት የደባርቁን ልጅ ነው። እሱ ቁራሹን ተቀብሎ አይሮጥም፤ ቁጭ ብሎ ውዳሴ ማርያም ይደግምላቸዋል። እንዴት ይለዩት? ጩኸቱ አይሰማቸው።

የኔታ ዘንድ ዓይነ ስውር ተማሪም አለ፤ ተራ በተራ ከስምንቱ ጋር ይወጣል። የጓደኛውን ትከሻ ይዞ መሬቱን በዘንግ ይመታል። ከረጅሙ ጋር ሲሆን ዘንጉ ይዘገያል፤ ከችኩሉ ጋር ሲሆን ይንደረደራል። የደባርቁ ልጅ ስለሚያነክስ ከእሱ ጋር አንዴ ጠበቅ፣ ሁለቴ ላላ ይላል። ይህ ምት እማሆይን ከተቀመጡበት መደብ ሥር ይደርሳቸዋል፤ ያውም በጭንቅ። በሩ ላይ ሲመታ ይጠራጠራሉ። በጓሮ ሲዞር ቀና ይላሉ። መስኮቱ ሥር ሲደገም «መጣ ልጄ» ብለው ይነሳሉ።

ልጃቸው ከአዘዞ መጥታ ይህን አየች። «እማዬ፣ ስንቱ ተማሪ ጮሆ ጮሆ ይመለሳል!» አለችና ትልቅ ቃጭል ገዝታ በሩ ላይ ሰቀለች። ነፋስ ሲነካው እንኳ መቃኑን ያናውጣል።

በማግስቱ የመጣ ሁሉ ገባ። ቀትር ሳይሆን ሞሰቡ ባዶ ቀረ። የደባርቁ ልጅ ሲደርስ የሚቀምሰው አጣ፤ ከገቡትም የደገመ የለም።

እማሆይ አልተቆጡም። ማታ ጥጣቸውን አወጡ። ቃጭሉን አላወረዱትም፤ ምላሱን ይዘው ጠመጠሙበት። መዳፋቸውን መቃኑ ላይ አድርገው ነካ አደረጉት፤ ገና ይርዳል። ጨመሩበት። ነካ አደረጉት። አሁንም ጨመሩበት። ሊጠፋ ጥቂት ሲቀረው ተዉት።

«ታዲያ ምኑን ቃጭል ሆነ?» አለች ልጅቷ።

«አሁን ነው የሆነው» አሉ።

የጠላ ጋን አፍ ላይ የምታንዣብበዋ የፍራፍሬ ዝንብም ስምንት ተማሪዎች አሏት፤ ሆክስ የሚባሉ ፕሮቲኖች። ከራስ እስከ ጅራት አካሏን ተከፋፍለው የየክፍሉን መልክ ይወስናሉ። ከስምንቱ አንዱ የወንዱን ጅራት ያጠቁራል። ዲኤንኤን የሚይዙበት 60 አሚኖ አሲድ ያለው ክፍላቸው በጣም ይመሳሰላል፤ ለየብቻቸው ሲሆኑ የሚያርፉበት ፊደልም ተቀራራቢ ነው፦ ቲ፣ ኤ፣ ኤ፣ ቲ። ኤክስትራደንቲክል የተባለው ጓደኛ ፕሮቲን ሲያጅባቸው ግን የየራሳቸው ምርጫ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ሻቨንቤቢ የተባለውን፣ የዝንቧን እጭ ጥቃቅን ፀጉር የሚያበቅለውን ጂን መረመሩ። አልትራባይቶራክስ የተባለው ሆክስ ከጓደኛው ጋር የሚያርፍባቸው ቦታዎች ደካሞች ሆነው ተገኙ፤ ግን በአንድ አካባቢ ተደጋግመዋል። መሐንዲስ ቢያገኛቸው መጀመሪያ የሚያጠነክረው እነሱን ነበር። ተመራማሪዎቹም አጠነከሯቸው፤ ሌሎች ሆክሶችም ገቡና ጂኑ በማይገባው የአካል ክፍል ሠራ። ድግግሞሹን ሲቀንሱት ደግሞ ብርድና ሙቀት በተፈራረቀ ቁጥር ይዋዥቅ ጀመር።