ጢስና የሳንባ ጠባቂዎች

ሰው ፈቅዶ በገዛ ሥጋው ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና ሳይፈቅድ የሚደርስበት ጉዳት በሕሊና ሚዛን ሲመዘኑ እኩል አይደሉም፤ በሥጋ ውስጥ ግን አንድ ሥራ ይሠራሉ። ይህን ነገር በትንባሆ ምክንያት ልንመረምረው ወደድን። በቢቸናና በሞጣ አገር ትንባሆን መጸየፍ የቆየ ልማድ ነውና። ምክንያቱን ቢጠይቁት ብዙው ሰው ቅጠሉ ርኵስ ስለ ሆነ ነው ይላል። እኛ ግን ምክንያቱ ከቅጠሉ ይልቅ በሳንባው ውስጥ ቢፈለግ ይሻላል እንላለን።

በሳንባ ውስጥ ነፋስን የሚቀበሉ፣ ቍጥራቸው 300 ሚሊዮን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ። በእነዚህም ውስጥ ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት እየተዘዋወሩ ትቢያውንና ባክቴሪያውን ይውጣሉ። እንዲህ ያሉ በላተኛ ሕዋሳት ለሥጋ ዘብ መሆናቸውን ያስረዳው ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነው፤ ስለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፈለ።

በአጫሽ ሳንባ ውስጥ የእነዚህ ዘበኞች ቍጥር አያንስም፤ እንዲያውም ብዙ እጥፍ ይሆናል። አስደናቂው ነገር ይህ ነው፤ በዝተው ሳሉ ይደክማሉ። ሆዳቸው በጥቀርሻ ተሞልቶ ጠቍሯልና ባክቴሪያው ሲመጣ እንደ ቀድሞው አይውጡትም። ከዚህም የባሰ አለ፤ እነርሱና ለርዳታ የሚጠሯቸው ሌሎች ነጭ ሕዋሳት የሚያፈሱት አሟሚ ነገር የከረጢቶቹን ግድግዳ ይበላል። ዘበኛው የሚጠብቀውን ቤት ያፈርሳል ማለት ነው። አጫሽ በሳንባ ነቀርሳ የመታመሙ አደጋ ከማያጨሰው ሰው እጥፍ ያህል የሚሆነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ነቀርሳም ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ደዌ ስለ ሆነ፣ ሥጋዬ የራሴ ገንዘብ ነው እያለ የሚከራከር ሰው እዚህ ላይ መልስ ያጣል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ነገር አንባቢን ደስ ሳያሰኝ አይቀርም፤ አጫሽን መገሠጽ ቀላል ነውና። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1112ም ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። አዋጅም ግዝትም ያልወጣበት ሌላ ጢስ ግን አለ፤ ይኸውም የምድጃው ጢስ ነው።

እንጨት በራቀበት ደጋ ኩበት ይነዳል፤ የጮቄ ብርድ እንዳይገባም ቤቱ ይዘጋል። እናት ምጣዱ ላይ ተጐንብሳ ስትጋግር ሕፃኑ በጀርባዋ ነው። ቀና ብሎ ጣራውን የተመለከተ ሰው የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ ያያል። ያው ጥቀርሻ በእርሷና በልጇም ሳንባ ዘበኞች ሆድ ውስጥ አለ። በጎንደር በእንጨት ጢስ ውስጥ በሚኖሩ ሴቶችና ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ምርመራ ይህንኑ ጥላሸት በሕዋሳቱ ውስጥ አግኝቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ይህች እናት ምን በደለች? ምንም። ሳንባ ግን ፈቃድንና ግድን አይለይም። ታዲያ በተጎጂው ዘንድ በደል ስለሌለ ለጉዳቱ ባለ ዕዳ የለውም ልንል ነውን? አይደለም፤ ዕዳው ማስቀረት ወደሚችለው ይዞራል። የቤቱን ቅርጽ የሚወስነው አባወራ ነው፤ አባወራውም የንስሐ አባቱን ቃል ይሰማል።

ስለ ዕጣን የሚጠይቅ አይጠፋም። ዕጣንም ሲነድ ጢስ ነው፤ ለጸሎት ዐርጓልና ሳንባ አያዳላለትም። ስለዚህ በሚታጠንበት ጊዜ በሮችን መክፈት ሥርዓትን ማፍረስ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን የቆሎ ተማሪው ጎጆ ነው፤ በጠባቧ ጎጆ እሳት አንድዶ፣ በሯን ዘግቶ ያድራልና።

የንስሐ አባት የሚያጨስ ልጁን ተው ማለቱ መልካም ነው። ማንም በማያጨስበት ቤት ደግሞ ማድ ቤቱ ለብቻው ተለይቶ መሠራቱን፣ ጣራውም የጢስ መውጫ እንዳለው ይጠይቅ። ጥያቄውም ጊዜ አለው፤ ግድግዳው ሳይመረግ፣ ክዳኑም ሳይከደን ነው።