ያላዩት አገር ይናፍቃል ወይ?

«ከጀርመን ተነሥቼ በብስክሌት ቪየና ልገባ ነው» ብዬ ባሕር ዳር ለምትኖረው እናቴ ስደውልላት ለአፍታ ዝም አለች። ቀጥላም «ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ አንተን ደግሞ ምን አናፈቀህ ልጄ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የበረዶውን ወራት ሙሉ ፍራንክፈርት ባለችው ክፍሌ ካርታ ዘርግቼ፣ ከፓሳው እስከ ቪየና ያለውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የዳኑብ ዳርቻ መንገድ በእርሳስ ለሰባት ቀን ስሸነሽን ከርሜአለሁ። የሚመራኝ አስጎብኚ፣ አብሮኝ የሚሄድ ጓደኛም አልነበረኝም። የማላውቀው ወንዝ ሌት ሌት በዓይኔ ላይ እየመጣ እንቅልፍ ስለነሳኝ፣ ተረቱ እኔ ላይ ስቷል አልኩ።

ሐምሌ ላይ ፓሳው ደረስኩ። ዳኑብ፣ ኢንና ኢልዝ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ኢልዝ ጠቆር ብሎ፣ ኢን ከአልፕስ ተራሮች የነጣ አረንጓዴ ውኃውን ይዞ ይመጣል። በድሮው ማዘጋጃ ቤት ግንብ ላይ የጎርፍ ከፍታዎች ተሰምረዋል። የ2013ቱ ጎርፍ ከ1501 ወዲህ ያልታየ እንደነበር ቤቴ ሆኜ አንብቤአለሁ። ግንቡ ሥር ቆሜ መስመሩን ለማየት አንገቴን ወደ ላይ ሳቀና ግን ሆዴ ተላወሰ።

ሽሎገን ላይ ወንዙ ጠንካራ ዐለት ገጥሞት ወደ መጣበት ይጠማዘዛል። ግማሽ ሰዓት ብቻ መድቤለት ነበር፤ ዓባይ ጎጃምን ሲዞር እየታሰበኝ እስከ ማታ ተቀመጥኩ። እግረኛና ብስክሌት በምታሻግረው ትንሽ ጀልባ ስሻገር መሽቶ ነበር። ያን ዕለት ዕቅዴ ፈረሰ፤ እንኳንም ፈረሰ።

ዋካው ሸለቆ ውስጥ፣ ሽፒትዝ አጠገብ፣ በዝናብ መሐል የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አንዲት አሮጊት፣ የአገሩ ሰው «ማሪለ» የሚለውን አፕሪኮት ደጃፋቸው ላይ በቅርጫት ይሸጡ ነበር። በእጃቸው ጠርተው ጣሪያቸው ሥር አስጠለሉኝና ባልዲ ሙሉ ውኃ አቀረቡልኝ። ልጅ ሳለሁ ባሕር ዳር ያለ ጎሚስታ ሲያደርግ እንዳየሁት የውስጡን ጎማ ነፍቼ ውኃው ውስጥ አዞርኩት። በመጨረሻ ቀጭን የአረፋ ሰንሰለት ሽቅብ ወጣ። ሴትዮዋ ከእኔ ቀድመው አይተው ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ አሳረፉ፤ ለጥፌ እስክጨርስም ሌላውን ጫፍ ይዘውልኝ ቆሙ። የፍሬው ጭማቂ ከጣታቸው ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ እጄ ተላለፈ።

ቪየና እኅቴ ቤት ባደርኩበት የመጨረሻ ሌሊት ተረቱ ተመልሶ መጣብኝ። አማርኛው ጠንቃቃ ነው፤ ያላዩት አገር አያጓጓም አላለም። የበረዶው ወራት እንቅልፍ ማጣት ጉጉት ኖሯል። ጉጉት በካርታና በፎቶግራፍ ይኖራል፤ ናፍቆት ግን ሽታና የሰው ፊት ይፈልጋል። ካርታዬ ላይ ሁለት ጊዜ ያከበብኩት ገደል ላይ የቆመው የሜልክ ገዳም ነበር። ያን ሌሊት የናፈቀኝ ግን ያ ባልዲ ነው። በዕቅዴ ውስጥ ያልነበረ፣ ሊኖርም የማይችል ነገር።

እናቴ ረታችኝ ብዬ ነበር። በማግሥቱ ቁርስ ላይ ግን ቪየና ተወልዳ ኢትዮጵያን አይታ የማታውቀው የእኅቴ ልጅ ስለ ጣና ሳወራ ሰምታ «ባሕር ዳር ናፈቀኝ» አለች። እናቷ «ሳታይው እንዴት ይናፍቅሻል? ማየት እፈልጋለሁ በይ» ብላ አረመቻት። ልጅቷ «አይ፣ ናፈቀኝ» ብላ ጸናች።

ቃሉ የተምታታባት አልመሰለኝም። የአያቷን ድምፅ ከነሳሏ ታውቀዋለች፤ በስልኩ ውስጥ የሚጮኸውን አውራ ዶሮ ታውቀዋለች፤ የተላከ በርበሬ ሲፈታ ቤቱን የሚሞላው ሽታ አይጠፋትም። አገርን በጆሮና በአፍንጫ ያየ ሰው አላየም ማለት ይከብደኛል። ተረቱን ያወጡት ሰዎች ልጆቻቸው በሩቅ አገር ተወልደው በስልክ እንደሚያድጉ ከየት ያውቃሉ? ያን ቀን እናቴን ብጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር፤ መስመሩ እምቢ አለ።

«አጎቴ፣ ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ በብስክሌት ስንት ቀን ነው?» አለችኝ።

«ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃሻል።»

ዝናብ ያበሰበሰውን ካርታዬን ገለበጠችና ባዶ ጀርባው ላይ አንድ ክብ ሳለች። ከዚያ እርሳሱን ሰጥታኝ ወንዙ ከሐይቁ በየት በኩል እንደሚወጣ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።