ተሟጋቹ በሌለበት ሙግት

«ፈኢን ቂለ… ቁልና።» እንዲህ ቢባል፣ እንዲህ እንላለን። የፊቅህም (የሸሪዓ ሕግ) ሆነ የከላም (የእምነት ሙግት) ኪታብ የገለጠ ሰው ይህን ሐረግ ሳያገኝ ብዙ ገጽ አይሄድም። ጸሐፊው አንድ ነገር ይፈርዳል፤ ወዲያው ስሙ ባልተጠራ ሰው አፍ ፍርዱን የሚያፈርስ ቃል ያስገባል፤ ቀጥሎ ለዚያ ቃል መልስ ይሰጣል። ወሎ ውስጥ ኪታብ ስቀራ፣ ሸኻችን ዐረብኛውን እየቆረሱ ወደ አማርኛ ሲመልሱት «ቢባል» ላይ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበር። ደረሳው (ተማሪው) መልሱን ከኪታቡ ከመስማቱ በፊት ከራሱ ውስጥ እንዲፈልግ ነው። ከዚያ ወዲህ ለእኔ በቅጡ ማሰብ ማለት «ቢባል» ብሎ ራስን መጠየቅ ሆኖ ቆየ።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል። ተቃውሞውን የሚጽፈው ያው መልሱን የሚጽፈው ሰው ነው። በቀድሞው የአገራችን ችሎት «በላ ልበልሃ» ሲባል ሁለቱ ባለጉዳዮች ፊት ለፊት ቆመው ነው፤ አንዱ ቢያደናግር ሌላው አፉን ይከፍታል፤ ዳኛውም ሦስተኛ ሰው ነው። በኪታቡ ሙግት ግን ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም የሚናገሩት በአንድ ብዕር ነው። ጸሐፊው ሊረታው የሚችለውን ተቃውሞ ብቻ መርጦ «ቢባል» ቢል ማን ያውቅበታል? የምር የሚመረምረውም ሰው፣ መርማሪ መምሰል የፈለገውም ሰው የሚጽፉት ያንኑ ሐረግ ነው።

ነገሩ ለእኔ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐረጉ ባዶ ከሆነ በእሱ የለመድኩት አስተሳሰብም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ጥርጣሬውን ሳላባብል እስከ ዳር ልከተለው ወሰንኩ። ሐረጉን አዘውትረው ከጻፉት ሊቃውንት መካከል ተሟጋቹ የምር ተሟጋች መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ፍለጋ ገባሁ።

ምልክቱ ምን ይሁን? መጀመሪያ የተቃውሞው ብርታት ይሆናል አልኩ። አልበቃኝም፤ ብርቱ የሚመስል ባላንጣ አቁሞ መጣል ድሉን ያሳምራል እንጂ እውነተኛ አያደርገውም። ሌላ ምልክት ያዝኩ፦ ተቃውሞው ከተነሳ በኋላ ጸሐፊው ከነበረበት ቦታ ተንቀሳቅሷል ወይ?

ይህን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1095፣ በባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሳለ የጨረሰው «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» ብዙው ሙግቱ የሚሄደው በ«ፈኢን ቂለ» ነው። ፈላስፎችን በ20 ጉዳዮች ይሞግታል፤ 17ቱን ቢድዓ (በሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ)፣ 3ቱን ክህደት ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ይህን ያህል የከበደ ሰው ለተከሳሹ አፍ ይሰጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ሆኖም ይኸው ሰው «መቃሲዱል ፈላሲፋ» በተባለ ሌላ ኪታብ የፈላስፎቹን ትምህርት አንድ በአንድ፣ ሳያጣምም አስረድቷል። ይህ ኪታብ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ቶሌዶ ላይ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ሲነበብ፣ ብዙ የአውሮፓ ሊቃውንት ገዛሊን ከፈላስፋው ኢብን ሲና ተከታዮች እንደ አንዱ ቆጠሩት። ባላንጣቸው ሆኖ ሳለ ደቀ መዝሙራቸው እስኪመስል ድረስ ቃላቸውን መናገር ችሏል ማለት ነው።

ይህ ግን ችሎታውን እንጂ መንቀሳቀሱን አያሳየኝም። ስለዚህ 17ኛው ጉዳይ ላይ ሰነበትኩ። ነገሩ ስለ እሳትና ጥጥ ነው። እሳት የነካው ጥጥ ይቃጠላል፤ ዓይናችን የሚመሰክረው ግን ቃጠሎው ከመነካካቱ ጋር አብሮ መምጣቱን ብቻ ነው፤ በመነካካቱ የተነሳ መምጣቱን አያይም። ስለዚህ፣ ይላል ገዛሊ፣ በሁለቱ መካከል ያለው አላህ ያስለመደው ተከታታይነት እንጂ የግድ የሆነ ትስስር አይደለም። ሙግቱ ረቂቅ ነው፤ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አንባቢው ተደንቆ ይሸኘው ነበር።

አላቆመም። በራሱ ላይ ተቃውሞ አስነሳ፦ እንዲህ ከሆነማ ቤቱ መጽሐፍ ትቶ የወጣ ሰው፣ ምናልባት አሁን መጽሐፉ ፈረስ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱን በፋንድያ አበላሽቶት ይሆናል ብሎ ማመን ሊኖርበት ነው። ፊቱ አውሬ ቆሞ፣ እሳት እየነደደ፣ ጠላት ሰይፍ መዝዞ ሳለ ማየት ስላልተፈጠረለት ብቻ ላያይ ይችላል። ይህ ለማስመሰል የቆመ ተቃውሞ አይመስልም። የገዛሊን አሳብ ይዞ እስከ ጎዳናው መጨረሻ ወስዶ፣ ያ ጎዳና የሚያደርስበትን እብደት ለሁሉ የሚያሳይ ነው። ከእሱ የበለጠ ጠላቱም ሊያዋርደው አይችልም ነበር።

የመጀመሪያ መልሱ እንዲህ ነው፦ ይቻላል ማለት ይሆናል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር እንደማይሆን የምናውቅበትን እውቀት አላህ ራሱ ፈጥሮልናል። መልሱ ደካማ አይደለም። ገዛሊ ግን በእሱ ብቻ አልረጋም፤ ከዚህ ሁሉ ነቀፋ ያድናል ያለውን ሁለተኛ መንገድ ከፈተ። በዚህኛው መንገድ እሳት ሁለት ተመሳሳይ ጥጦችን ቢነካ ሁለቱንም የሚያቃጥል ጠባይ እንዳለው ይቀበላል፤ ከዚያ የእሳቱ ወይም የተነካው አካል ጠባይ ሊለወጥ ይችላል ብሎ ይከራከራል፤ ጠልቅ የተባለውን ማዕድን ተቀብቶ የሚነድ እሳት ውስጥ ሳይቃጠል የሚቀመጠውንም ሰው ለምስክር ይጠራል። ሲጀምር እሳት አቃጣይ ነው መባሉን የተቃወመ ሰው፣ ለሙግቱ ያህልም ቢሆን፣ የእሳትን ጠባይ ተቀብሎ ሌላ ቦታ ላይ ቆሟል። ያንቀሳቀሰው ያ የፈረስ ነገር ነው። የፈለግሁትን ምልክት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ለጊዜው ደስ አለኝ።

ቢባል ግን፦ ሁለተኛውን መንገድ ከመነሻው አዘጋጅቶት ነበር፤ ፈረሱን ያስገባው ራሱ ወደ ተዘጋጀው በር እንዲነዳው ነው። ይህን በምን እመልሳለሁ? ደጋግሜ አሰብኩበት። የገዛሊን ልብ ከፍቼ ማየት አልችልም፤ ጽሑፍ ሁሌም ከሐሳቡ በኋላ የሚመጣ ነውና፣ በገጽ ላይ የሚታየው መንቀሳቀስ አስቀድሞ የተጠናቀቀ ጉዞ ትረካ ሊሆን ይችላል። ምልክቴ ከእጄ ወጣ።

እንዲህ ባዶ እጄን ሳለሁ «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል»ን እንደገና አነበብኩት። ገዛሊ በኋለኛ ዕድሜው ስለ ራሱ የጻፈው ነው። የስሜት ህዋሳቱን ይመረምራል፦ ዓይን ጥላን የቆመ አድርጋ ታያለች፤ ጥላ ግን ይሄዳል። ኮከብን ዲናር የሚያክል አድርጋ ታያለች፤ የሂሳብ ማስረጃ ግን ከምድር እንደሚበልጥ ይናገራል። እንግዲህ ዳኛዋ አእምሮ ናት። እዚህ ላይ ህዋሳቱ ራሳቸው ይናገሩታል፦ እኛን ታምነን ነበር፣ አእምሮ መጥታ አስተባበለችን፤ ከአእምሮ በላይ ሌላ ዳኛ ቢኖርስ፣ እሷንም ቢያስተባብል? ሕልምንም ይጠቅሱለታል፤ በሕልም ያየኸውን ሁሉ ስትነቃ አይደለም ወይ መሠረት የሌለው መሆኑን የምታውቀው ይሉታል። ገዛሊ መልስ ፈለገ፤ አጣ። ሁለት ወር ገደማ በዚህ ሕመም ውስጥ እንደቆየ፣ የዳነውም በተሰደረ ማስረጃ ሳይሆን አላህ በደረቱ ውስጥ በጣለው ብርሃን እንደሆነ ይነግረናል።

ይህ ክፍል ብዙ ነገር ገለጠልኝ። «ቂለ» አለ፤ «ቁልና» የለም። በተሃፉት ውስጥ ጥንዶቹ አይለያዩም ነበር፤ እዚህ ግን የጥያቄው ሰው መጥቶ የመልሱ ሰው ቀረ። አንድ ሰው ለራሱ እውነተኛ ተሟጋች ሊሆን አይችልም የሚለው ጥርጣሬዬ በዚህ ተሰበረ፤ መረታቱን እኮ ገዛሊ ራሱ ጽፎታል። ግን ይህ ስለ አንድ ሰው ነው። ስለ ሐረጉ የጠየቅሁት እንዳለ ነበር።

የተፈታልኝ ፊቴን ከጸሐፊው ወደ አንባቢው ሳዞር ነው። ከተሃፉት በኋላ ከ80 ዓመት በላይ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1180 አካባቢ፣ የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ «ተሃፉቱ ተሃፉት»ን ጻፈ። የገዛሊን ቃል ክፍል በክፍል ያሰፍራል፤ ከዚያ «ቁልቱ»፣ እኔ እላለሁ፣ ብሎ ይገባል። ምክንያትና ውጤትን የካደ ሰው አእምሮን ራሷን ክዷል ይለዋል። በሌላ ቦታም፣ የፈላስፎች ቃል ብለህ ያቀረብከው የኢብን ሲና እንጂ የአርስቶትል አይደለም እያለ ይወቅሰዋል። እነሆ ስም የሌለው ተሟጋች ስምና አገር ይዞ መጣ። በገዛሊ ገጽ ውስጥ ለተሟጋቹ የተተወ ቦታ ነበር፤ ኢብን ሩሽድ መጥቶ ተቀመጠበት። ገዛሊ ተቃውሞዎቹን ባይጽፍ፣ ድምዳሜውን ብቻ ቢያስቀምጥ ኖሮ፣ ኋላ የመጣው ሰው የሚይዘው ጫፍ አያገኝም ነበር። ሐረጉ የጸሐፊውን ቅንነት አያረጋግጥም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም። የሚያደርገው ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ሊሸነፍበት የሚችለውን መሣሪያ አንባቢው እጅ ላይ ያኖራል።

ይህ እውነት ከሆነ አደጋም አለው፤ አደጋውን በፈኽሩዲን አር-ራዚ አየሁት። የሬይ ተወላጅ፣ የቁርኣን ታላቅ ተንታኝ ነው። ተቃዋሚን እንደ እሱ አድርጎ የሚያቆም ጥቂት ነው፤ ከተቃውሞዎቹ መብዛትም መርቀቅም የተነሳ ነቃፊዎቹ፣ ጥርጣሬውን እጅ በእጅ ይከፍላል፣ መልሱን ግን በዱቤ ነው ብለው አሙት። ደረሳው ጥርጣሬውን ይዞ ወጥቶ መልሱን ሳያገኝ ቢቀር ማን ይጠየቃል? ይህን ሐሜት ስሰማ መጀመሪያ ከነቃፊዎቹ ጋር ነበርኩ። ሳስበው ግን የእኔ የመነሻ ክስ በትክክል ተገላቢጦሹ ነው፤ እኔ ተቃዋሚው አሻንጉሊት ነው አልኩ፤ እነሱ ደግሞ ባለቤቱን ጣለው ይላሉ። ሁለቱም ክስ በአንድ ሐረግ ላይ ከቀረበ፣ ሐረጉ በተፈጥሮው ወደ አንዱ ወገን የሚያደላ አይደለም።

ስም አለመጥራቱስ? «ቢባል» ያለው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ሽሽት ነው ብዬ ለጥቂት ጊዜ ጠርጥሬ ነበር። የቤተ ክህነቱ አንድምታም «ስለ ምን ቢሉ» ሲል ባዮቹን አይጠራም፤ እዚያ ግን ጠያቂው ይበልጡን ለመረዳት የሚጠይቅ ተማሪ ነው፤ አንድምታውም ፍቺን በፍቺ ላይ ደርቦ ሁሉንም ያኖራቸዋል። የፊቅህና የከላም «ቂለ» ካልተመለሰ ፍርዱን ይዞ ይወድቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ ስሙ አለመጠራቱ ይጠቅማል እላለሁ፤ ባዩ የተናቀ ይሁን የተከበረ ሳይታይ ቃሉ ብቻ ይመዘናል።

መመዘን ካልኩ የኢማም ነወዊን «ሚንሃጁ ጧሊቢን» ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ይህ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ኪታብ በሻፊዒይ ፊቅህ ተከታዮች ዘንድ ዛሬም ይጠናል። ነወዊ ሁለት አስተያየቶች ሲጋጩ የመረጠውን «አል-አሶሕ» ካለው፣ ይበልጥ ትክክል የሆነው ማለት ነው፤ የተተወውም ብርቱ እንደነበር አብሮ ይመሰክራል። «አስ-ሶሒሕ» ካለው ግን ተቃራኒው ደካማ ነው። በአንዲት ቃል አሸናፊውንም የተሸናፊውንም ጉልበት ለካ። ከዚህ ሌላ ለሚንሃጁ መነሻ በሆነው በራፊዒይ ኪታብ ላይ የራሱን በጨመረ ቁጥር «ቁልቱ» ብሎ ይጀምራል፣ «ወላሁ አዕለም» ብሎ ይዘጋል። አላህ ያውቃል የሚለው ቃል እዚያ አጥር ነው፤ ከዚህ እስከዚህ ያለው የእኔ ነው፣ ብሳሳት የምጠየቀው እኔ ነኝ ይላል። ይህን ሥርዓት መጀመሪያ ሲያስረዱኝ የቃላት ዝርዝር መስሎኝ በቃሌ ያዝኩት፤ አሁን ሳየው፣ በዘመናችን ክርክር ላይ እጅግ የሚናፍቀኝ ነገር ይህ ነው። ረታሁ የሚል ሞልቷል፤ የረታሁት አሳብ ግን ይህን ያህል ብርቱ ነበር ብሎ የሚመሰክር ጠፍቷል።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ እሱን ልመልሰው አልቻልኩም። «ቢባል» የሚያስገባው ለጸሐፊው የታሰበውን ብቻ ነው። ኢብን ሩሽድ ያነሳውን የአርስቶትልን ነገር ገዛሊ እንደ ተቃውሞ አላስገባውም፤ ስለዚህም አልመለሰውም። ከመድረሳው ደጅ ያልደረሰ፣ ጥያቄው በዐረብኛ ያልተሰማለት ሰውስ? በእኔም ጽሑፍ ውስጥ ያልታሰበኝ ተቃውሞ ይኖራል፤ ሐረጉን መቶ ጊዜ ብደጋግመው አይገባም። ለእሱ የሚሆን ሌላ ዘዴ ከኪታቦቹ አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ራዚ እ.ኤ.አ. በ1210 ከማረፉ በፊት ለደረሳው ያስጻፈውን ኑዛዜ ነው። በመጽሐፎቼ ውስጥ በቀደምቶች ላይ ያበዛኋቸውን ጥያቄዎች የወደደ ሰው ዱዓ ያድርግልኝ፤ ያልወደደ ደግሞ መጥፎውን ቃል ይሰርዘው፤ ምርመራን ማብዛትና አእምሮን መሳል እንጂ ሌላ አልፈለግሁም ይላል በጥቅሉ። ብዕሩን ለማያውቀው አንባቢ ማስረከቡ ነው። የትኛው ቃል መጥፎ እንደሆነ ግን አልነገረንም፤ ያን የመለየቱን ሥራ ለእኛ ትቶታል።